አየሩ ሲሳሳ መሬቱ ይፈጥናል፦ ትናንሽ አውሮፕላኖች ሲያርፉ ቁጥጥር ከአብራሪው እጅ ስለሚወጣበት ምክንያት

(በኮምቦልቻ ለምህንድስና ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ)

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ጭነት ይዞ የሚወርድ አሽከርካሪ የሐረጎን ቁልቁለት የሚጀምረው ከአፋፉ ነው። ማርሹን እዚያ ዝቅ ሳያደርግ ቀርቶ ፍሬኑን ከመጀመሪያው ቁልቁለት ጀምሮ እየረገጠ ካጋለው፣ ታች ያለው ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ ሊያደርገው የሚችለው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። መኪናው የሚገለበጠው ከታች ነው፤ ስህተቱ ግን የተሠራው ከላይ ነው። ዛሬ ስለምነግራችሁ ጉዳይ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም። ትንሽ አውሮፕላን ሲያርፍ ከማኮብኮቢያው ወጥቶ፣ ክንፉ መሬት ጭሮ ወይም በአፍንጫው ተደፍቶ የምናየው አደጋ በአብዛኛው የሚጀምረው ጎማው መሬት ከመንካቱ አንድ ሁለት ደቂቃ አስቀድሞ፣ አብራሪው ገና ከፍታ ላይ ሳለ ነው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ከዕድሜዬ የሚበዛውን ያሳለፍሁት ትናንሽ አውሮፕላኖችን በማብረርና ሌሎችን በማስተማር ነው። ትንሽ አውሮፕላን ስል እዚህ ኮምቦልቻ መንገደኛ ይዞ የሚመጣውን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ማለቴ አይደለም። አንድ የፒስተን ሞተር ያለውን፣ ከሁለት እስከ ስድስት ሰው የሚይዘውን፣ ብዙውን ጊዜ አንድ አብራሪ ብቻውን የሚያበረውን ዓይነት ማለቴ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በጣም የታወቀው ሴስና 172 ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን እስካሁን ከ40,000 በላይ ተሠርቷል፤ በዓለም ላይ በዚህ ብዛት የተመረተ ሌላ አውሮፕላን የለም። ሙሉ ጭነት ይዞ ክብደቱ ከ1,200 ኪሎ ግራም አያልፍም፤ ከአንድ የቤት መኪና ጋር የሚቀራረብ ነው ማለት ይቻላል። ክንፉ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ገደማ ይዘረጋል። እንዲህ የቀለለ አካል እንዲህ የሰፋ ክንፍ ሲኖረው፣ መሬት ላይ ቆሞም እንኳ ነፋስ ሊያነሣው እንደሚሞክር ልብ በሉልኝ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

በአገራችን የግል አውሮፕላኖች ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ፣ ስለዚህ ዓይነቱ አደጋ የሚበዛው እውቀት የተገኘው ትናንሽ አውሮፕላኖች እንደ ቤት መኪና ከሚበዙባትና አደጋውም በጥንቃቄ ከሚመረመርባት ከአሜሪካ ነው። ከዚያ የምናገኘው ሥዕል ሁለት ገጽ አለው። በቁጥር ከታየ ከበረራ ምዕራፎች ሁሉ ብዙ አደጋ የሚደርሰው በማረፍ ጊዜ ነው፤ ነገር ግን ከእነዚህ አብዛኞቹ ሰው አይገድሉም፤ ፕሮፔለር ይጣመማል፣ የፊት ጎማ ይሰበራል፣ አብራሪው በሩን ከፍቶ ይወጣል። ሰው የሚገድለው ደግሞ አውሮፕላኑ ገና አየር ላይ ሳለ ከቁጥጥር ውጭ ሲሆን ነው፤ ለሞት ከሚያበቁ ምክንያቶች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው በመሆኑ የአገሪቱ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2015 አስቸኳይ መፍትሔ ይፈለግላቸው ብሎ ካወጣቸው ጉዳዮች አንዱ አድርጎታል። መዛግብቱ ሁለቱን ለያይተው ይቆጥሯቸዋል። እኔ ግን ለብዙ ዓመታት ሳስተምር እንዳየሁት ሁለቱም ከአንድ ሥር የሚበቅሉ ናቸው፤ ልዩነታቸው ስህተቱ የሚፈነዳበት ከፍታ ብቻ ነው። 150 ሜትር ላይ ከፈነዳ ይገድላል፤ አንድ ሜትር ላይ ከፈነዳ ብረት ይሰብራል። ሥሩም አብራሪው ክንፉ የሚያውቀውን አየር ትቶ ዓይኑ የሚያየውን መሬት ማመኑ ነው።

ይህን ለማስረዳት ከክንፉ መጀመር አለብኝ። ክንፍ የሚያውቀው አየርን ብቻ ነው። በላዩና በሥሩ የሚያልፈው አየር በበቂ ፍጥነትና በተገቢ ማዕዘን ከመጣለት ይሸከማል። አብራሪው አፍንጫውን ከመጠን በላይ ቀና አድርጎ አየሩ ክንፉን ከ15 ዲግሪ አለፍ ባለ ማዕዘን እንዲገናኘው ካደረገ፣ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ላይ ይላቀቅና መሸከሙ ድንገት ይቀንሳል። አብራሪዎች ይህንን ስቶል ይሉታል። ብዙ ሰው ስቶል ሲባል ሞተር ጠፋ ማለት ይመስለዋል፤ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እየሠራም ክንፍ ስቶል ሊያደርግ ይችላል። ማረፍ ማለት ደግሞ ሆን ብሎ ወደዚያ ጠርዝ መጠጋት ነው። ማንኛውም በረራ ከጠርዙ ይሸሻል፤ ማረፍ ብቻ ነው ወደ እሱ የሚሄደው። ስለዚህ በማረፍ ጊዜ የሚኖረው የፍጥነት ትርፍ ጠባብ ነው፤ በተለምዶ የሚያዘው የመቃረቢያ ፍጥነት ክንፉ መሸከም ከሚያቆምበት ፍጥነት በ30 በመቶ ብቻ የሚበልጥ ነው። ለሴስና 172 ፍላፑን፣ ማለትም በዝግታ ለመብረር ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን ታጣፊ ክፍል፣ ሙሉ አውርዶ ሲቃረብ ይህ ከ60 እስከ 70 ኖት ባለው ውስጥ ይወድቃል። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ እንምጣ። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ መደበኛ የሚባለው የአየር ሙቀት 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በሰኔ ከሰዓት በኋላ ግን ኮምቦልቻ 28 ዲግሪ ስትደርስ እናውቃለን። የሞቀ አየር ይሳሳል፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት ክንፉም፣ ሞተሩም፣ ፕሮፔለሩም የሚያገኙት አየር በመደበኛ ስሌት 2,700 ሜትር አልፎ ያለውን ያህል የሳሳ ነው። ይህ ከደሴ ከተማም ከፍ ያለ ቦታ ነው። አውሮፕላኑ ኮምቦልቻ ላይ እያረፈ፣ ክንፉ ግን ከጦሳ ተራራ አካባቢ ያለ ይመስለዋል ብል ብዙ አልተሳሳትሁም።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ፤ ተማሪዎች በተለይ ይህን ልብ በሉ። በአብራሪው ፊት ያለው የፍጥነት መለኪያ መሬት ስንት እንደሚያልፍ አይለካም። የሚለካው ፊት ለፊት የሚመጣውን አየር ግፊት ነው። አየሩ ከሳሳ፣ ያንኑ ግፊት ለማግኘት አውሮፕላኑ የበለጠ መፍጠን አለበት። ስለዚህ መለኪያው 65 ኖት ሲል፣ ጂቡቲ የባሕር ጠረፍ ላይ በመደበኛ ሙቀት አውሮፕላኑ በእርግጥም በ65 ኖት እየሄደ ነው፤ በኮምቦልቻ የሰኔ ከሰዓት ግን በ75 ኖት ገደማ እየሄደ ነው። ክንፉ በሁለቱም ቦታ እኩል ተሸክሟል፤ መለኪያው ለክንፉ ታማኝ ነው። መሬቱ ግን በአብራሪው ዓይን ሥር ከለመደው በላይ ይሮጣል። በዚህ ላይ 10 ኖት ነፋስ ከኋላ ቢገፋው በመሬት ላይ ያለው ፍጥነት 85 ኖት ይሆናል። ያው 10 ኖት ነፋስ ከፊት ቢመጣለት ደግሞ ወደ 65 ይወርዳል። ልዩነቱ 20 ኖት ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ፍሬኑና ማኮብኮቢያው መጨረስ ያለባቸው ጉልበት በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ከኋላ ነፋስ ይዞ ያረፈው ከፊት ነፋስ ይዞ ካረፈው 1.7 እጥፍ ጉልበት ይዞ መሬት ይነካል። መለኪያው በሁለቱም ጊዜ 65 ነው የሚለው።

አደጋው የሚወለደው ከዚህ ነው። አብራሪው መሬቱ ሲሮጥ ያያል። ዓይኑ «ፈጥነሃል» ይለዋል። እጁ ሳያስበው የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረውን ትሮትል ወደኋላ ይስባል፣ አፍንጫውን ቀና ያደርጋል፤ መሬቱም በለመደው ፍጥነት መሄድ ሲጀምር ልቡ ይረጋል። በዚያች ቅጽበት መለኪያውን ቢያይ ግን 52 ወይም 50 ሆኖ ያገኘዋል፤ የነበረው ጠባብ ትርፍ አልቋል። ስቶል ለማድረግ የቀረው አንድ ድንገተኛ የነፋስ ማዕበል ወይም አንድ ጠበቅ ያለ መታጠፍ ብቻ ነው። በዚህ አደጋ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ አብራሪው ስህተት መሥራቱን የማያውቅ መሆኑ ነው፤ እንዲያውም በዚያች ሰዓት የሚሰማው ነገሩን ያስተካከለ ሰው እፎይታ ነው።

በሌላ በኩል በደጋ አየር ላይ የተማረ አብራሪ በዚህ ረገድ ከቆላ ከሚመጣ ይሻላል፤ የሚሮጥ መሬት ዓይኑ ለምዶታልና። ከኋላ የሚመጣ ነፋስ ግን የደጋውንም የቆላውንም አብራሪ እኩል ያታልላል።

ስለ ነፋስ ካነሣን፣ የወሎ ገበሬ ከብዙ አብራሪ ይልቅ ነፋስን የሚያነብ ሰው ነው። አውድማው ላይ የተወቃውን ምርት ከምሮ፣ መንሹን ይዞ ነፋሱን ይጠብቃል። ጠዋት አየሩ ረግቶ ሳለ አያዘራም፤ ፀሐዩ ተራራውን አሙቆ ነፋሱ ሲነሣ ነው የሚጀምረው። አንድ እፍኝ ወደ ላይ ወርውሮ ገለባው ወዴት እንደሄደ ያያል፤ ከዚያ የሚቆምበትን ይመርጣል። ነፋሱ ቢዞር እሱም ይዞራል። በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ላለ አውሮፕላን ማረፊያም ይኸው ሕግ ይሠራል። ጠዋት የረጋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከሸለቆ ወደ ተራራ የሚወጣው ነፋስ ይበረታል፣ ማዕበልም ይኖረዋል፣ በማኮብኮቢያው በአንዱ ጫፍ ያለው ነፋስ በሌላው ጫፍ ካለው ሊለይም ይችላል። አብራሪ ከአንድ ሰዓት በፊት በተነገረው ነፋስ ላይ ተመሥርቶ ማረፍ የለበትም። በዘንግ ላይ የተሰቀለውን የነፋስ ከረጢት፣ የጭስ አካሄድን፣ የውኃ ላይ ሞገድን፣ የባሕር ዛፍ ጫፍን እንደ ገበሬው እያየ መውረድ አለበት። እኔ በሕይወቴ ከሠራኋቸው ጥሩ ማረፎች ብዙዎቹ ያማሩት ከታች ከአንድ ጎጆ የሚወጣ ጭስ ስላየሁ ነው።

ገዳይ የሆነው ስህተት የሚሠራበት ቦታ ወደ ማኮብኮቢያው መስመር የሚያስገባው የመጨረሻው መታጠፊያ ነው። አውሮፕላኑ በአብዛኛው 150 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይሆናል። አብራሪው ነፋስ ከኋላ እየገፋው መሆኑን ካላስተዋለ፣ መታጠፍ ከሚገባው በላይ ዘግይቶ መስመሩን አልፎት ይሄዳል። አሁን መመለስ ይፈልጋል። ክንፉን አጋድሎ ጠበቅ አድርጎ ቢታጠፍ፣ የታጠፈ አውሮፕላን ከክብደቱ በላይ እንዲሸከም ስለሚገደድ ስቶል የሚያደርግበት ፍጥነት ከፍ ይላል፤ በ30 ዲግሪ ማጋደል በ7 በመቶ፣ በ45 ዲግሪ በ19 በመቶ፣ በ60 ዲግሪ በ41 በመቶ። ከላይ እንዳልሁት ያለው ትርፍ 30 በመቶ ነው፤ ስለዚህ 60 ዲግሪ ላይ ትርፉ አልቆ ዕዳ ውስጥ ገብቷል። ይህንን የተማረ አብራሪ ማጋደሉን ይፈራል። ፈርቶም የከፋውን ያደርጋል፤ ክንፉን ብዙ ሳያጋድል በመታጠፊያው በኩል ያለውን የእግር ፔዳል ረግጦ አፍንጫውን በራደር፣ ማለትም በጅራቱ ላይ ቆሞ ባለው መሪ፣ ይጎትታል። አፍንጫው ሲዞር ዝቅ ይላል፤ መሬቱ ስለሚቀርበው መሪውን ወደ ራሱ ይስባል። የውስጠኛው ክንፍ ከውጭኛው ይልቅ በዝግታ እየሄደ ስለሆነ ቀድሞ ስቶል ያደርጋል፣ ወደ ታች ይሰበራል፣ አውሮፕላኑም ራሱን ገልብጦ መሽከርከር ይጀምራል። ከ1,000 ሜትር ላይ ቢሆን የሠለጠነ ሰው ያድነዋል። ከ150 ሜትር ላይ የሚያድነው ሰው የለም።

ይህንን ለተማሪዎቼ ስነግር ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ታዲያ መስመሩን ካለፍሁት ምን ላድርግ?» መልሱ ቀላል ነው፤ እለፈው። መስመሩን ለመመለስ አትታገል፣ ትሮትሉን ሙሉ ስጥ፣ እንደገና ዙር። የሚጠፋው ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃና ጥቂት ሊትር ቤንዚን ነው።

መታጠፊያውን በሰላም አልፎ ማኮብኮቢያው ላይ የደረሰ አብራሪ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። የእኔን ልንገራችሁ። ተማሪ ሳለሁ፣ ብቻዬን ለመብረር ሳይፈቀድልኝ፣ አንድ ቀን ከአስተማሪዬ ጋር ስናርፍ ፍጥነቴ ከሚገባው በ10 ኖት ይበልጥ ነበር። ክንፍ ወደ መሬት ከክንፉ ርዝመት ባነሰ ከፍታ ሲቀርብ መሬቱ አየሩን ስለሚያቅፍለት ከወትሮው በቀለለ ጉልበት ይንሳፈፋል፤ በዚህ ላይ ትርፍ ፍጥነት ሲጨመር አውሮፕላኑ አልቀመጥም ይላል። ማኮብኮቢያው በሥሬ እያለቀ መሆኑን ሳይ መሪውን ወደፊት ገፍቼ በግድ ላስቀምጠው ሞከርሁ። ቀድሞ የነካው የፊት ጎማ ነበር። የፊት ጎማ ሲመታ አፍንጫውን ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ አፍንጫ ሲነሣ ክንፉ አየሩን በትልቅ ማዕዘን ያገኘዋል፤ ፍጥነትም ስላለው እንደገና ይበርራል። እኔ እንደገና ገፋሁት። በዚህ ጊዜ አመታቱ ባሰ። ሦስተኛ ልገፋ ስል አስተማሪዬ «ልቀቅ!» ብሎ መሪውን ያዘ፣ ትሮትሉን ሙሉ ሰጠ፣ አፍንጫውን በልኩ ይዞ አነሣው። ከወረድን በኋላ የፊት ጎማውን አቃፊ ከሥሩ ሆኖ ለረጅም ጊዜ መረመረው፤ አልተሰበረም ነበር። አስተማሪዬ አልተቆጣም። የነገረኝን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «እጅህ ከአውሮፕላኑ በግማሽ ሰከንድ ይዘገያል። አንተ ወደ ታች ስትገፋው እሱ አስቀድሞ ወደ ታች መጥቷል። ስለዚህ እያረምህ ሳይሆን እየጨመርህለት ነበር።»

እናንተ የምህንድስና ተማሪዎች ይህን በሌላ ስም ታውቁታላችሁ። የአውሮፕላኑ መውጣትና መውረድ የራሱ ዙር አለው፤ የሰው ምላሽ ደግሞ መዘግየት አለው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ሊያረጋጋ የተላከው እርማት ማወዛወዙን ይመግበዋል። በዚህ ምክንያት የሚነጥር አውሮፕላንን በትጋትና በፍጥነት መቆጣጠር አይቻልም፤ የበለጠ የተጋ ሰው የበለጠ ያባብሰዋል። የመጀመሪያው ነጠራ ትንሽ ከሆነ አፍንጫውን በማረፊያ አቋሙ ይዞ ትንሽ ኃይል ጨምሮ እንዲቀመጥ መጠበቅ ይቻላል። ትልቅ ከሆነ ወይም ሁለተኛ ከመጣ ግን መነሣት ብቻ ነው መፍትሔው።

አሁን ጎማው ተቀምጧል እንበል። ብዙ አብራሪ እዚህ ላይ ትንፋሹን ይለቃል፤ እኔ ደግሞ ተማሪዎቼን አጥብቄ የምይዘው ከዚህ በኋላ ነው። አውሮፕላኑ ከ60 ኖት ወደ 30 ኖት እስኪወርድ ድረስ ያለው ጊዜ፣ ወፍም መኪናም ያልሆነበት ጊዜ ነው። ክንፉ ገና ግማሽ ክብደቱን ተሸክሟል፤ ስለዚህ ጎማዎቹ አስፋልቱን በደንብ አልያዙም፣ ፍሬን ቢረገጥም ሊንሸራተቱ ይችላሉ። በሌላ በኩል ፍጥነቱ እየቀነሰ ስለሆነ ራደሩና በክንፉ ጫፍ ያሉት፣ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድሉት ኤይለሮኖች ጉልበታቸው እየደከመ ነው። ሁለቱም መያዣዎች ላልተው ሳለ የጎን ነፋስ ቢመጣ፣ ያ ቀደም ሲል ልብ በሉልኝ ያልኋችሁ ቀላል አካልና ሰፊ ክንፍ ዋጋውን ይጠይቃል። ነፋሱ የሚመጣበት ክንፍ ይነሣል፤ ረጅሙን ጅራት ደግሞ ነፋሱ ጣሪያ ላይ እንደሚተከል የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ ስለሚገፋው አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዞራል።

የነፋሱ ማዕዘን እዚህ ላይ ከሚታሰበው በላይ ይመዝናል። 20 ኖት ነፋስ ከማኮብኮቢያው መስመር በ30 ዲግሪ ቢመጣ በጎን የሚገፋው ግማሹ፣ 10 ኖት ነው፤ በ60 ዲግሪ ከመጣ ግን 17 ኖት ይሆናል። የሴስና 172 አምራች በሙከራ ያሳየው የጎን ነፋስ 15 ኖት ነው። አብራሪው አየር ላይ ሳለ ወደ ነፋሱ ክንፉን ዝቅ አድርጎ በተቃራኒው እግር አፍንጫውን በመስመሩ ላይ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ጎማ ቀድሞ ይቀመጣል። ይህን ብዙዎች ይችሉበታል። ሲቀመጡ ግን መሪውን ወደ መሀል ይመልሱታል፤ ስህተቱ ይህ ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ኤይለሮኑ ስለሚደክም መሪው ወደ ነፋሱ እየበዛ መዞር አለበት፤ አውሮፕላኑ ሊቆም ሲቃረብ እስከ መጨረሻው መዞር አለበት። በረራው የሚያልቀው ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሥር ድንጋይ ሲገባ ነው።

የፊት ጎማ የሌላቸው፣ ትንሽ ጎማቸው ከጅራት ሥር የሆነ አውሮፕላኖች በዚህ ሁሉ ይብሳሉ። ክብደታቸው ከዋናዎቹ ጎማዎች ኋላ ስለሆነ፣ አፍንጫቸው ትንሽ ከመስመር ከወጣ ክብደቱ የበለጠ ያዞራቸዋል። ጋሪን ከፊት የሚጎትተው ፈረስ ቀጥ አድርጎ ይወስደዋል፤ ያንኑ ጋሪ ወደኋላ ለመግፋት የሞከረ ግን እንዴት እንደሚጠመዘዝበት ያውቃል። እንዲህ ያለ አውሮፕላን ላይ እግር ከፔዳል ለአንድ ሰከንድ ሊያርፍ አይገባም።

የመጨረሻው ጉዳይ እስካሁን ደጋግሜ የጠቀስሁት ነው፤ ማረፉን ትቶ እንደገና መነሣት፣ አብራሪዎች ጎ አራውንድ የሚሉት። ስናገረው ቀላል አድርጌ አቅርቤዋለሁ። በኮምቦልቻ ግን ቀላል አይደለም፤ ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር እናንተንም ጉዳዩንም እበድላለሁ። በዚያ በሳሳ አየር ተርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው የፒስተን ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። የመውጣት ፍጥነቱ በባሕር ጠለል ከሚያገኘው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ፍላፑ ሙሉ ከወረደ ደግሞ ከዚያም በታች ይሆናል። ዙሪያው ተራራ ነው። አብራሪው ከቆላ በመጣ ልማድ ነዳጁ ከአየር ጋር የሚቀላቀልበትን መጠን እስከ መጨረሻው አወፍሮት ከሆነ፣ ለሳሳ አየር ብዙ ነዳጅ ስለሚሆንበት ሞተሩ ያለውን ኃይል እንኳ አይሰጠውም። ስለዚህ ድብልቁን ለከፍታው ማስተካከል ያለበት ማረፍ ሳይጀምር፣ እጁ ሳይሞላ ነው። በዚህ ላይ ትሮትሉ በድንገት ሙሉ ሲሰጥ፣ ለዝግታ ተስተካክሎ የነበረው አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ላይ ይጥላል፣ ፕሮፔለሩም ወደ ግራ ይጎትተዋል። በአንድ እጅ ወደፊት መግፋት፣ በቀኝ እግር መርገጥ፣ ፍላፑን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በደረጃ መሰብሰብ፤ ይህ ሁሉ በአሥር ሰከንድ ውስጥ መሆን አለበት። ፍላፑን በድንጋጤ በአንድ ጊዜ የሰበሰበ አብራሪ ከሥሩ የነበረው ክንፍ ጎድሎበት ይሰምጣል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር፣ በደጋ አየር ማረፉን የመተው ውሳኔ ከሌላ ቦታ ቀድሞ መወሰን እንዳለበት ነው። እኔ ከማኮብኮቢያው 90 ሜትር ከፍ ብዬ ሳለ ፍጥነቴ በልኩ ካልሆነ፣ አፍንጫዬ በመስመሩ ላይ ካልሆነ፣ ወይም ነፋሱ ካሰብሁት ከተለየ፣ «ጥቂት ልጠብቅ፣ ይስተካከል ይሆናል» አልልም። እዚያው እተወዋለሁ። ሰውን ከዚህ ውሳኔ የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ እፍረት እንደሆነ አይቻለሁ። ከጎኑ ዘመዱ ተቀምጧል፤ ከአጥሩ ውጭ ሰው ቆሞ ያያል፤ «ማረፍ አቃተው» እንዳይባል ይፈራል። እዚህ ያላችሁ የከተማው ነዋሪዎች አንድ ቀን አውሮፕላን ወደ ማኮብኮቢያው ቀርቦ ሳያርፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተነሥቶ ሲዞር ብታዩ፣ ያ አብራሪ ሥራውን በሚገባ እየሠራ መሆኑን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ተማሪዎቼን ብቻቸውን ከመልቀቄ በፊት የማያቸው የመጨረሻ ነገር ያማረ ማረፍ አይደለም። ሁሉም ነገር ተስተካክሎ፣ ፍጥነቱ ደርሶ፣ ጎማው አስፋልቱን ሊነካ ግማሽ ሜትር ሲቀረው፣ ያለ ምንም ምክንያት «ተወው» እላለሁ። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ቀን ዞረው ያዩኛል፤ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ይፈልጋሉ። ሌላ ቀን እንሞክራለን እላቸዋለሁ። ዓይኑ ከፊት ለፊቱ ሳይነሣ እጁ ከነ ትሮትሉ ወደፊት የሄደ፣ ቀኝ እግሩ አብሮ የረገጠ ዕለት፣ ዞረን አርፈን ዳር ላይ እንዲቆም አደርገዋለሁ፤ ቀበቶዬን ፈትቼ በሩን ዘግቼለት እወርዳለሁ።